ማስተካከያ፦ «ኦስትለር» የሚለው ቃል ከ«አጃ ሌባ» አልመጣም

በድሮዎቹ የእንግሊዝ የመንገደኛ ማደሪያዎች ፈረስ ተቀብሎ የሚቀልበው ሠራተኛ የሚጠራበት «ኦስትለር» የተሰኘው ቃል «አጃ ሌባ» (በእንግሊዝኛ «ኦት ስቲለር») ከሚል ሐረግ የመጣ ነው ብለን ባለፈው መጻፋችን ስሕተት ስለሆነ፣ በሚከተለው እንዲታረም እናሳስባለን።

ቃሉ የተወሰደው ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ሥሩ እንግዳንም አስተናጋጁንም በአንድ ስም የሚጠራው የላቲኑ «ሆስፔስ» ነው፤ እኛም በየዕለቱ የምንጠራቸው «ሆቴል» እና «ሆስፒታል» የዚሁ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። በእንግሊዝኛ መጀመሪያ የሚያመለክተው የማደሪያውን ባለቤት እንጂ የጋጣውን ሠራተኛ አልነበረም፤ እንግሊዛዊው ባለቅኔ ቾሰር በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ በየከተማው ያሉትን መጠጥ ቤቶችና ባለማደሪያዎች ሁሉ ስለሚያውቅ አንድ መነኩሴ ሲጽፍ ቃሉን የተጠቀመበት በዚህ ፍቺ ነው። ከጊዜ በኋላ ስሙ ከጌታው ወደ ፈረስ ጠባቂው ወረደ።

«አጃ ሌባ» የተባለው ግን ባለፈረሱ ራቱን ሲበላ ለከብቱ ከተሰፈረው አጃ ይቀነሳል ከሚል ሐሜት የተወለደ ቀልድ ነው። የ18ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊ ጸሐፊ ፍራንሲስ ግሮዝ በአራዳ ቋንቋ መዝገበ ቃላቱ ቀልዱን ካሰፈረ በኋላ ትክክለኛውን የቃሉን ምንጭ እዚያው አስከትሎ ጽፎታል፤ እኛ የወሰድነው፣ ሳናፍር እንናገር፣ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነበር።