የክት ልብስ የሚለበስበት ማታ ከመርከብ ላይ አይጥፋ

ክሩዝ በሚባሉት የመዝናኛ መርከቦች ላይ አንድ ልማድ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነው። ወንዱ ሙሉ ልብሱን ከነከረባቱ፣ ሴቷ ረጅም የማታ ቀሚሷን ለብሰው ለራት የሚቀርቡበትን ማታ ማለቴ ነው። ኖርዌጂያን የተባለው ኩባንያ ገና በ2000 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተወሰነ የራት ሰዓትንና ግዴታ የሆነ የክት ልብስን አንድ ላይ አስቀረ። ሴሌብሪቲ በ2015 የክት ማታውን ሰርዞ በምትኩ ኮት በውዴታ የሆነበትን፣ ጥሩ ጂንስ ሱሪ የሚበቃበትን ማታ አመጣ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያ የውቅያኖስ መርከቡን ያሰማራው ቫይኪንግ ደግሞ እንዲህ ያለ ማታ ከጅምሩም አልነበረውም። ሌሎቹም ስሙን እየቀያየሩ፣ ደንቡን እያላሉ በዚያው መንገድ እየሄዱ ነው። አብዛኛው ተሳፋሪ እሰየው ብሏል። እኔ ግን ይህ ማታ ከመርከብ ላይ መጥፋት የለበትም ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴም የድሮ መኳንንት ናፍቆት አይደለም።

የክት ማታን የሚቃወሙት በታሪክ በኩል እውነት አላቸው። በ1912 ታይታኒክ ላይ ለራት ልብስ መቀየር የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ወግ ነበር። በሦስተኛ ማዕረግ የተሳፈረው ስደተኛ የሚበላበትም ሆነ የሚንሸራሸርበት ቦታ የተለየ ነበር፤ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግም ሦስተኛ ማዕረግ ከሌላው ተለይቶ እንዲቀመጥ ያስገድድ ነበር። ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ኮት ያን ጊዜ «አንተ ከእኛ አይደለህም» ማለት ነበር። ይህን ክዶ ስለ ጥንቱ ውበት ብቻ የሚያወራ ሰው ግማሹን ታሪክ ቆርጦ ይጥላል።

ነገር ግን ታሪኩ እዚያ ላይ አልቆመም። በ1958 የጄት አውሮፕላኖች መንገደኛ ጭነው አትላንቲክን መሻገር ሲጀምሩ መርከብ የመጓጓዣ ሥራዋን ማጣት ጀመረች፤ ለመኖር መዝናኛ መሆን ነበረባት። ካርኒቫል የተባለው የመርከብ ኩባንያ በ1972 ከማያሚ ሥራ ሲጀምር መርከብ ላይ መውጣት የሀብታም ብቻ መሆኑ እየቀረ መጣ። የማዕረግ ክፍፍሉም ከአብዛኞቹ መርከቦች ላይ ተነሥቶ ሁሉም በአንድ አዳራሽ መብላት ጀመረ። ያኔ የክት ማታ ትርጉሙ ተገለበጠ። የርካሽ ካቢን (የመኝታ ክፍል) ተሳፋሪና የውዱ ካቢን ተሳፋሪ አንድ ዓይነት ጥቁር ልብስ ለብሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ልብሱ የሚለያቸው መሆኑ ቀርቶ የሚያመሳስላቸው ሆነ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌርና የሕግ ባለሙያ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ማን ማን እንደሆነ የሚያውቀው የጠየቀ ብቻ ነው። ቀን ላይ በመዋኛ ገንዳው ዳር ግን የእጅ ሰዓቱ፣ የፀሐይ መነጽሩ፣ የካናቴራው ምልክት ሁሉንም ይናገራል።

ይህን ማታ ያላየ አንባቢ ስለሚኖር አሠራሩን ላስረዳ። የክት ማታ ብዙውን ጊዜ መርከቧ ወደብ በማትነካበት፣ ቀኑን ሙሉ ባሕር ላይ በምትውልበት ዕለት ይደረጋል። ወደብ የወረደ ሰው ላቡ ሳይደርቅ፣ እግሩ ዝሎ ስለሚመለስ ለመዋብ ጉልበት አይኖረውም። በተሳፈሩበት የመጀመሪያ ማታም አይደረግም፤ ሻንጣ ገና አልተፈታም። በሰባት ሌሊት ጉዞ የተለመደው ሁለት ማታ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤቱ ይሞላል። ካፒቴኑ በሥነ ሥርዓት ልብሱ ወጥቶ መኮንኖቹን ያስተዋውቃል። በዋናው ደረጃ አጠገብ ፎቶ አንሺዎች መጋረጃቸውን ይዘረጋሉ። በብዙ መርከቦች ሎብስተር የሚባለው ውድ የባሕር ምግብ የሚቀርበውም በዚሁ ማታ ነው። ልጆች አባታቸውን በከረባት ሲያዩ ይገረማሉ፤ ሃምሳ ዓመት በትዳር የኖሩ ሰዎች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ደረጃውን ሲወርዱ ከጎን ያለው ሁሉ መንገድ ይለቃል። ይህን ሁሉ ኩባንያው ብቻውን ሊሠራው አይችልም። አዳራሹን፣ መብራቱን፣ ሙዚቃውን ያዘጋጃል፤ ማታውን ማታ የሚያደርጉት ግን ተሳፋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ አንዱ ለሌላው ሲል በመልበሱ። ሰርግ ቤት የሚያምረው በድንኳኑ ብቻ ሳይሆን ተጠሪው ሁሉ አክብሮ ለብሶ በመምጣቱ እንደሆነው ማለት ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በዛሬዎቹ መርከቦች ላይ ያልተሸጠ ነገር እየጠፋ ስለመጣ ነው። ኢንተርኔቱ ለብቻው ይከፈልበታል፣ መጠጡ በጥቅል ይሸጣል፣ የተሻለው ምግብ ቤት ተጨማሪ ሒሳብ አለው፣ ቀድሞ ለመሳፈርም ዋጋ አለ። ኤምኤስሲ የተባለው ኩባንያ በ2008 ፋንታዚያ በተባለችው መርከቡ ላይ የራሱ ምግብ ቤት፣ የራሱ ገንዳ፣ የራሱ አሳላፊ ያለው፣ ሌላው ተሳፋሪ የማይገባበት ክፍል ከፈተ፤ ኖርዌጂያንም ተመሳሳይ አለው። እንግዲህ የታይታኒክ አጥር በሌላ መልክ ተመልሷል። የክት ልብስ የመደብ ምልክት ነው ብለው ያስወገዱት ኩባንያዎች እውነተኛውን የመደብ አጥር በካርድ በሚከፈት በር እየሠሩት ነው። በዚህ መሃል ብር ሳይጠየቅበት ሁሉም እኩል የሚሳተፍበት አንድ ነገር ቢኖር ያ ማታ ነበር። እሱን አንሥቶ አጥሩን ማቆየት እኩልነት አይባልም።

ኩባንያዎቹ ያለ ምክንያት አላደረጉትም። አሜሪካን አየር መንገድ በ2008 ለመጀመሪያው ሻንጣ 15 ዶላር ማስከፈል ሲጀምርና ሌሎቹም ሲከተሉት፣ ወደ ማያሚ በርሮ የሚሳፈር ቤተሰብ ለሁለት ማታ ብሎ ኮት፣ ጥቁር ጫማና ረጅም ቀሚስ መሸከም ከበደው። ሦስትና አራት ሌሊት የሚፈጁ አጫጭር ጉዞዎች በረከቱ። ትናንሽ ልጆች ያላቸው ወላጆች በዙ። ሁሉም በኪሱ ካሜራ ሲይዝ የፎቶ አንሺው ገበያም ቀዘቀዘ። በየዕለቱ ወደብ የሚነኩት የሜዲትራኒያን ጉዞዎች ለእንዲህ ያለ ማታ አይመቹም። ለሥራው ዓመቱን ሙሉ ከረባት የሚያስር ሰው ደግሞ በእረፍቱ አልፈልግም ቢል መብቱ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መርከብ፣ በእያንዳንዱ ጉዞ፣ ሰውን ሁሉ ከረባት ያሳስር አልልም።

የምቃወመው ደንቡን ሳይተዉ ማድበስበሳቸውን ነው። «ሽክ»፣ «የተዋበ»፣ «ዘና ያለ ግን የሚያምር» እያሉ የሚጽፏቸው ስሞች ምን ልበስ ምን አትልበስ እንደሆነ አይናገሩም። አንዱ ኮት ይዞ ይመጣል፣ ሌላው በጂንስ፣ ሦስተኛው ቁምጣ ለብሶ «ይህም ያምራል» ይላል። ኮቱን የለበሰው ተታለልኩ ይላል፣ ቁምጣ የለበሰው ተዋረድኩ ይላል። ጠቡ ደግሞ የሚያርፈው ስሙን ያወጣው ቢሮ ላይ ሳይሆን በአዳራሹ በር ላይ በቆመው አስተናጋጅ ላይ ነው። ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያ ወይም ከሕንድ የመጣ፣ ለወራት ከቤተሰቡ ርቆ የሚሠራ፣ በብዙ ኩባንያ ገቢው በጉርሻና በተሳፋሪ አስተያየት የሚወሰን ነው። ብዙ ሺህ ዶላር የከፈለን እንግዳ «በዚህ ልብስ አትገባም» ብሎ እንዲመልስ ይጠበቃል፤ ቢመልስ ክስ፣ ቢያስገባ የሌላው ተሳፋሪ ስሞታ ይጠብቀዋል። በዋሽንግተንም በዱባይም በሆቴልና በምግብ ቤት የሚሠሩ ወገኖቻችን በሌላ ሰው ግልጽ ያልሆነ ደንብ ምክንያት በር ላይ ቆሞ መሰደብ ምን እንደሆነ ያውቁታል። ግልጽ ደንብ ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው ይህን ሠራተኛ ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በ1840 ሥራ የጀመረው የእንግሊዙ ኩናርድ ከሳውዝሃምፕተን ኒው ዮርክ በሚያመላልሳት ኩዊን ሜሪ 2 ላይ ዛሬም የክት ማታ ያደርጋል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ምን እንደሚለበስ በዝርዝር ተጽፎ ከጉዞው በፊት ይታወቃል። ቱክሲዶ (በቢራቢሮ ከረባት የሚለበሰው የማታ ሙሉ ልብስ) ግዴታ አይደለም፣ ጥቁር ሙሉ ልብስ በከረባት ይበቃል። መልበስ ያልፈለገ ሰውም ካቢኑ ውስጥ አይታሰርም፤ ኪንግስ ኮርት የሚባለው ቡፌና ጎልደን ላየን የሚባለው መጠጥ ቤት ለእሱ ክፍት ናቸው። ማታውን የሚወድም የማይወድም በየቦታው ይበላል፣ በር ላይ የሚጨቃጨቅ የለም። ኩናርድን እንከን የለሽ አላደርገውም፤ በካቢን ዋጋ የሚከፋፈሉ የራት አዳራሾቹ እስካሁን አሉ፣ ይህም ከላይ ከተቃወምኩት ነገር ጋር አንድ ነው። የልብስ ደንቡ ግን ለሌሎች አርአያ የሚሆን ነው።

ሰው እንዲህ ያለ ማታ ሰልችቶታል የሚሉኝን ደግሞ ወደ ቨርጂን ቮየጅስ እንዲመለከቱ እጋብዛለሁ። በ2021 ተሳፋሪ መጫን የጀመረው ይህ ኩባንያ ለአዋቂዎች ብቻ የሚሠራ፣ የልብስ ደንብ የለኝም የሚል ነው። ሆኖም በጉዞው መሃል ሰው ሁሉ ቀይ የሚለብስበት አንድ ማታ አለው፤ ተሳፋሪውም ቀይ ልብስ በሻንጣው አስቦበት ይዞ ይመጣል። በሌሎች መርከቦችም ሁሉም ነጭ የሚለብስባቸው ማታዎች ይደረጋሉ። ከረባቱን የጠላ ሰው እንኳ ከሌላው ጋር አብሮ ተውቦ መታየትን አልጠላም ማለት ነው። የጎደለው ፍላጎት ቢሆን ኖሮ እነዚህ ማታዎች ባልደመቁ ነበር።

የእኛም ጉዳይ እዚህ ላይ ይገባል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ከባልቲሞር ወደ ባሃማስና ወደ ቤርሙዳ፣ ወይም ከፍሎሪዳ ወደ ካሪቢያን ለጋብቻ በዓልና ለልደት ይሄዳሉ። የክት ማታ ሲመጣ እናቶቻችን አዲስ ቀሚስ መግዛት የለባቸውም። ጥበብ ያለው የሐበሻ ቀሚስ ከነነጠላው፣ ለአባት ነጭ ሱሪና እጀ ጠባብ ከነኩታው በየትኛውም አዳራሽ የክት ልብስ ነው። ኩናርድ በደንቡ ላይ የሀገር የክብር ልብስንና የወታደር የደንብ ልብስን ከተፈቀዱት ውስጥ በግልጽ ይቆጥራል፤ የስኮትላንዱ ሰው ኪልት በሚባለው ጉርድ፣ የሕንዷ ሴት በሳሪ ይቀርባሉ። አንዳንድ ኩባንያዎች ዝርዝር ላይ ግን ከቱክሲዶ፣ ከሙሉ ልብስና ከማታ ቀሚስ ሌላ የተጻፈ የለም። በር ላይ የሚመልሳቸው ላይኖር ይችላል፤ ነገር ግን እናት «ይህ ይሆን ይሆን?» እያለች ተሳቅቃ ጥበቧን ቤት ትታ የማታውቀውን ልብስ ትገዛለች። በዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር መጨመር ለኩባንያው ምንም አያስወጣም። የክት ማታ የአንድ አህጉር ወግ ብቻ ነው የሚለውን ክስም ከዚህ የተሻለ የሚመልስ ነገር የለም።

ስለዚህ ከኩባንያዎቹ የምፈልገው ይህን ነው። የክት ማታ ይኑራችሁ ወይም አይኑራችሁ፣ ግን ቁርጡን ተናገሩ። ካላችሁ ስንት ማታ እንደሆነና በየትኛው ዕለት እንደሚውል ትኬት ሲቆረጥ ይነገር እንጂ ሻንጣ ከታሰረ በኋላ አይሁን። የሚበቃው ልብስ በስሙ ይጻፍ፤ የሀገር ልብስም በዚያው ይጠቀስ። ኮት ለሌለው ሰው በኪራይ ይቅረብለት፣ ዋጋውም የሚቻል ይሁን። ያልፈለገ ሰው በደህና የሚበላበት ቦታ ይመደብ፣ እዚያ የሚቀርበውም የተረፈ ምግብ አይሁን። በር ላይ የቆመውን ሠራተኛ ደንቡን በማስከበሩ የሚከሰው ተሳፋሪ ቢመጣ ደግሞ አለቃው ከሠራተኛው ጎን ይቁም።

ከተሳፋሪውም የምጠብቀው አለ። ትኬት ስትቆርጡ የካቢኑን ስፋትና የመጠጥ ጥቅሉን ዋጋ እንደምትጠይቁ ሁሉ ስለ ማታው ልብስም ጠይቁ። ጉዞው ሲያልቅ በሚሞላው መጠይቅ ላይም ስለ ክት ማታው የምታስቡትን ጻፉ። ደንቡ ሲላላ የኖረው ያልወደዱት ሰዎች አጥብቀው ስለሚጽፉ ነው፤ ወደውት የሄዱት ዝም ብለው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።