ስም ከመቃብር በፊት

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላል ያገራችን ሰው። ምስኪን! መጀመሪያ መቀበር ያለበት ይመስለዋል። የአሜሪካዋ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ሴናተር ሮበርት በርድ ግን እንዲህ ዓይነት ወረፋ የሚጠብቁ ሰው አልነበሩም። ከ51 ዓመት የሴኔት ቆይታ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በ92 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ስማቸው ድልድዩ ላይም፣ አውራ ጎዳናው ላይም፣ ፍርድ ቤቱ ላይም ወጥቶ ነበር። መቃብር መጨረሻ ላይ የመጣ ትርፍ ነገር ነው።

ደግሞስ ማን ይፈርድባቸዋል? ሲወለዱ የወጣላቸው ስም ኮርኔሊየስ ካልቪን ሴል ነበር። እኛ የኅዳር በሽታ በምንለው በ1918ቱ ወረርሽኝ እናታቸው ሞቱ፤ አክስትና አጎት ወስደው ሲያሳድጓቸው ስማቸውም ተቀየረ። ጨቅላ ሳለ ስሙ የተወሰደበት ሰው፣ ሁለተኛውን በኮንክሪት ቢያስመታ ጥንቃቄ ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ሐሜተኛ አይጠፋም። በርድ አልበሉም፤ አበሉ እንጂ! በ1989 በሴኔቱ የአብላጫውን ፓርቲ መሪነት ትተው የበጀት ድልድል ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆኑት፣ ከዙፋኑ የጎተራው ቁልፍ እንደሚበልጥ ስለገባቸው ነው። ለግዛቴ የቢሊዮን ዶላር ኢንዱስትሪ መሆን እፈልጋለሁ አሉ፤ ሆኑም። የኤፍቢአይ የጣት አሻራ መዝገብ ከዋሽንግተን ተጭኖ ክላርክስበርግ ገባ። የባሕር ጠረፍ ጥበቃው የኮምፒውተር ማዕከልም ዌስት ቨርጂኒያ ላይ ተተከለ። ባሕርስ? ባሕር የላትም። (ባሕር ሳይኖረን ባሕር ኃይል ያቋቋምን እኛ ግን በዚህ ባንስቅ ይሻላል።)

አሁን አንድ የዚያ አገር ሰው አስቡ። ጠዋት ሀንቲንግተን ላይ ኦሃዮ ወንዝን የሚሻገረው በሮበርት በርድ ድልድይ ነው። ክላርክስበርግ ያለች እህቱ ልጇን የምትልከው ሮበርት በርድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የወንድሙ ልጅ ሕክምና ልማር ብሎ ሞርጋንታውን ቢሄድ የሮበርት በርድ የጤና ሳይንስ ማዕከል ይቀበለዋል። የፌዴራል ክስ ቢመጣበት ቻርልስተን የሮበርት በርድ ፍርድ ቤት ይጠብቀዋል። ጉዳዬ ወደ ቤክሊ ይዛወርልኝ ቢል? እዚያም ያለው ሮበርት በርድ ነው።

ይሉኝታቸው ደግሞ! ስሙን የሚያወጡት ሌሎች ናቸው፤ እሳቸው የሰው ፍቅር መግፋት ነውር ሆኖባቸው ዝም አሉ። በ1997 የነሐስ ሐውልታቸው በግዛቱ ምክር ቤት ሕንጻ ሲቆምም በሕይወት ነበሩ። ትክክል ነው። የሞተ ሰው አፍንጫዬ አልመሰለም ብሎ ማሳረም አይችልም።

«ገንዘቡ እኮ የግብር ከፋዩ ነው» የሚሉ አሉ። እሺ፣ የግብር ከፋዩ ሁሉ ስም ይጻፍ ቢባል ሰሌዳው ከድልድዩ ሊረዝም ነው። አንድ ስም ቀለም ይቆጥባል።

ሰሌዳ ሳያገኝ የቀረ ሥራም አላቸው። በ1964 የዘር መድልዎን የሚከለክለው የሲቪል መብቶች ሕግ እንዳይጸድቅ ከ14 ሰዓት በላይ ንግግር አድርገዋል፤ በወጣትነታቸውም ጥቁሮችን ያሳድድ የነበረው የነጭ ዘረኞች ማኅበር፣ የኩ ክለክስ ክላን አባል ነበሩ። ኋላ ተጸጽተዋል፤ ይህን አልክድም። ግን 14 ሰዓት ድልድይ ባያሰይም አንዲት መጋቢ መንገድ ያንሰዋል? ሰሌዳ ሠሪዎቹ ሲፈልጉ ቁጥብ ናቸው።

እኔን ልቤን የሚያቀልጠው ግን ግሪን ባንክ በምትባለው የዌስት ቨርጂኒያ መንደር ያለው፣ ከሰማይ የሚመጣ የራዲዮ ሞገድ የሚያዳምጠው ራዲዮ ቴሌስኮፕ ነው። አሮጌው በ1988 በድንገት ሲደረመስ ለአዲሱ በጀት ያስገኙት እሳቸው ናቸው፤ በ2000 ሲመረቅ በማን ስም እንደሆነ አልነግራችሁም። 100 ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ ነው። የሰማዩ ሹክሹክታ እንዳይረበሽ ሞባይል በአካባቢው አይሠራም። አጠገቡ የሚደርሰውም የናፍጣ መኪና ብቻ ነው፤ የቤንዚኑ ካንዴላ ብልጭታ ይረብሸዋላ። ሁሉም ጸጥ ይላል፣ ጆሮው ይከፈታል፤ ሳይንቲስቶቹ ከሌላ ዓለም የሚጣራ ካለ ብለው ያዳምጣሉ። እንግዲህ ከከዋክብት ማዶ ያለ ፍጡር አንድ ቀን «እዚያ ቤት ማን አለ?» ቢል፣ «አቤት» የሚሉት ሴናተሩ ናቸው።