ለአዳራሹ ገደል ማሚቶ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሳይጠየቁ ስለሚሰጡት እገዛ

ክቡርነትዎ፣

ስድስት ምድብ፣ በየምድቡ አራት ጥንድ፣ በድምሩ 48 ሰው ባንዴ የቡድን ዳንስ ስናስተምር፣ ማንም ሳይቀጥርዎ ረዳት አሰልጣኝ ሆነው ስለሚያገለግሉን ምስጋናችን የላቀ ነው። ያልነውን ሁሉ ይደግሙልናል። ብቻ የሚደግሙት ቀጣዩን ስንናገር ነው። «ዙሩ»፣ «ተሻገሩ»፣ «ቀይሩ» ብለን ስንጨርስ ኋላ ላለው ምድብ የሚደርሰው «ሩ... ሩ... ሩ» ነው። ሁለቱ ጥንድ ይዞራሉ፣ ሁለቱ ይሻገራሉ፤ መሃል ላይ ግንባር ለግንባር። ከዚያ ሁሉም «ምን አለ?» ይላል። እርስዎም ይህንኑ ይደግሙታል።

ለሙዚቃውም አልራሩለትም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ግድም ይጓዛል፤ 34 ሜትር በሚረዝም አዳራሽ ከኋላ ግድግዳ ነጥረው ፊት እስኪመለሱ 0.2 ሰከንድ ያልፋል። በደቂቃ 120 ምት ለሚሄድ ሙዚቃ ይህ ግማሽ ምት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ስለዚህ ግማሹ ሰው በሙዚቃው ያጨበጭባል፣ ግማሹ በእርስዎ።

«ድምፁን ጨምሩት!» የሚል ደጋፊም አያጡም። በጨመርን ቁጥር እርስዎም አብረው እንደሚወፍሩ የገባው አይመስልም። እኛ ግን ቤዙን ቀነስን፤ ስፒከሮቹንም ከሰው ራስ በላይ አቁመን ወደ ዳንሰኛው አዘነበልናቸው። ሰው ድምፅ ይውጣል፣ ባዶ ግድግዳ ይመልሳል።

አነጋገራችንንም ለውጠናል፤ ቅር አይበልዎ። ትእዛዙን የምንሰጠው ስምንት ምት ባለው ሐረግ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ምቶች ላይ ነው፤ እግር ከተነሳ በኋላማ ምን ዋጋ አለው? መጀመሪያ «አንደኛ ጥንድ» ብለን ተንቀሳቃሹን እንጠራለን፤ ከዚያ «ኮከብ»፣ «ሰንሰለት»፣ «ድልድይ»፣ መጨረሻቸው የማይመሳሰል አጫጭር ስሞች። በቀኝና በግራ ፈንታ «ወደ መስኮት»፣ «ወደ መድረክ» እንላለን፤ ፊት ለፊት ለቆሙ ሰዎች ቀኝ ሁለት ነውና። አዲስ እርምጃ በማይክ ማስረዳት ቀርቷል፦ ሁሉንም በአንድ ምድብ ዙሪያ ሰብስበን፣ ሙዚቃ ዘግተን እናሳያለን። ጀማሪ መደበቂያ ብሎ የሚመርጠው የኋላውን ጥግ፣ ማለትም የእርስዎን ሳሎን ስለሆነ፣ እዚያ አንደኛ ጥንድ አድርገን የምናቆመው የሚያውቁበትን ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
ማይክ ይዘው የማይሰሙት

ግልባጭ፦
ለአዳራሹ አስተዳደር (መጋረጃ ይሰቀልልን)
ለኋለኛው ምድብ (በእጅ ምልክት)