ዕረፍት ብቻውን አላዳነኝም

ስለ መገጣጠሚያ ሕመም በወጣው ጽሑፍ ላይ «የመገጣጠሚያ ሕመም ላለበት ሰው ዋናው መድኃኒት ዕረፍት ነው» የሚለው አልተዋጠልኝም። ከጉልበትና ከጣት ሕመም ጋር መኖር ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆኖኛል። መጀመሪያ ላይ እኔም ተኝቼ ከረምኩ። ጡንቻዬ ሟሸሸ፣ ጉልበቴም ባሰበት። ጉልበትን ደግፎ የሚይዘው የጭን ጡንቻ ነው፤ እሱ ሲደክም ሸክሙ መገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል።

እኔን የጠቀመኝ መመጠን ነው። ድሮ ደህና የሆንኩ ቀን የሳምንቱን ሥራ ባንዴ ልጨርስ ብዬ እነሳ ነበር። ከዚያ ሦስት ቀን አልጋ ላይ። አሁን ሰዓት እይዛለሁ። 20 ደቂቃ ሠርቼ፣ ሕመሙ ሳይጀምረኝ ቁጭ እላለሁ። ሳይጀምረኝ! ከጀመረ በኋላ ማረፍ ብዙም አይጠቅመኝም። ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ሲሉኝ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እነክራቸውና ቀስ እያልኩ እዘረጋቸዋለሁ፣ እጨብጣቸዋለሁ። የሸሚዝ ቁልፍ የምቆልፈው ከዚያ በኋላ ነው።

ጽሑፉ አንድ ነገር ቢጨምር ደስ ይለኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ግትር ማለቱ ከ1 ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነና መገጣጠሚያው ካበጠ፣ «የዕድሜ ነው» ብላችሁ አትተዉት። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው፣ የሰውነት መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያን የሚያጠቃበት በሽታ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ይየው። ሕክምናው ቶሎ ሲጀመር መገጣጠሚያው ብዙ ሳይጎዳ ይደረስለታል።

ደግሞ ዲክሎፈናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ሐኪም ሳያዝላችሁ በየቀኑ የምትውጡ፣ እባካችሁ ተዉ። ጨጓራም ኩላሊትም ይጎዳሉ። እኔ ይሄን ያወቅኩት ጨጓራዬ ከደማ በኋላ ነው።