ወላጅ የሚጠራው ለሴቷ ብቻ ነው እንዴ?

ሰሞኑን በሰሜን ሸዋ ካሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ፣ በጠዋት ሰልፍ ላይ አዲስ ትእዛዝ ተነገረ። ፍቅረኛ ይዛ የተገኘች ሴት ተማሪ ወላጅ ሳታመጣ ክፍል አትገባም። ምክንያትም ተሰጥቷል። ውጤት የሚያበላሸው ጠበሳ ነው፤ በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ፌስቡክ ላይ ያጨበጨበው ሰው ብዛቱ!

አልነበረም? «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው ታዲያ ለማን ብሎ ነው? ሎሚው የሚወረወረው ለቄሱ ነበር? እስቲ አንተዛዘብ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። ገጠር ውስጥ 15ንም የሚጠብቅ ጥቂት ነበር። 18 የሆነው በ1992 የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ሲወጣ ነው፤ ክልሉም ቆይቶ ተከተለ። ስለዚህ በእናንተ ጊዜ የ10ኛ ክፍል ልጅ ፍቅር ሲይዛት ያላያችሁት ጨዋ ስለነበረች አይደለም። 10ኛ ክፍል ስላልነበረች ነው። ቤቷ ልጅ አዝላ ሊጥ ታቦካ ነበር።

ውጤቱም ቢሆን እንቁጠረው ከተባለ እንቁጠረው። በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። የቀሩት 96.8 በመቶ በሙሉ ፍቅር ይዟቸው ነው? እንዲያማ ቢሆን አገሩ ሠርግ በሠርግ በሆነ ነበር።

ፍቅር ጥናት አይሻማም አልልም። ይሻማል። የእንግሊዝ ኳስም ይሻማል። ሌሊቱን ሙሉ ስለ አርሴናል ሲጨቃጨቅ አድሮ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋ ወንድ ልጅ ግን ወላጅ አምጣ ሲባል አላየሁም።

እኔን ያንገበገበኝ ይኸው «ወላጅ አምጪ» የሚሉት ነገር ነው። ለከተማ ልጅ ቀላል ነው። እናቷ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትመጣለች፣ ትቆጣለች፣ ትመለሳለች። ከመንዝ ወይም ከግሼ ገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማረዋን አስቧት። አንዲት ክፍል ለሁለት ለሦስት ነው የሚከራዩት። ቅዳሜ ወደ ቤት ሄዳ እሁድ በሶዋንና ሽሮዋን ተሸክማ ትመለሳለች። በዚያ ብርድ አንድ ባና ለሁለት ይለብሳሉ። ማታ አብረው ያጠናሉ፣ አብረው ውሃ ይቀዳሉ፣ ጨለማ ሲሆን አንዷ ያለ ሌላዋ አትወጣም። ያቺ ጓደኛ እህት ናት፣ እናት ናት፣ ዘበኛም ናት።

ከዚያ አንድ ልጅ ይመጣል። ደብተር ይዋሳል፣ ማስቲካ ይገዛል፣ ቴሌግራም ላይ «ደህና እደሪ» ይላል። ጓደኛዋ ታኮርፋለች፤ ለብቻዋ መቀቀል ሰልችቷታል። ወሬው ክፍል ውስጥ ይዞራል። ወር ሳይሞላ ልጁ ብሎክ ያደርጋትና ከሌላ ጋር ይታያል። አንዳንዴማ ከዚያችው ከጓደኛዋ ጋር! አሁን ይህቺ የ16 ዓመት ልጅ አንድ ወንድ ብቻ አይደለም ያጣችው። የምትበላበት፣ የምታጠናበት፣ የምታለቅስበት ቤት ተበትኗል። አዋቂዎቹ ይህን እንደ ጉንፋን ያዩታል፣ ያልፋል ይላሉ። ያልፋል፤ ግን አጠገቧ ሰው ሲኖር ነው።

ልክ በዚህ ሰዓት ነው እንግዲህ ዩኒት ሊደሩ አባትሽን አምጪ የሚላት። አባት በርኖሱን ደርቦ፣ ከሌሊቱ ተነስቶ፣ መኪና ተሳፍሮ ይመጣል። ቢሮ ውስጥ ሰው ፊት ምን ይባላል? የሒሳብ ውጤቷ አይነሳም። ልጅህ ባልጋለች ይባላል። ከዚያ በኋላ ያ አባት ለጎረቤት ምን እያለ ስንቅ ይቋጥርላት? ብዙዎቹ የሚያደርጉትን እናውቃለን። ፍራሹ ይጠቀለላል፣ የቀረው ሽሮ ለአከራይዋ ይሰጣል፣ ልጅቱ ወደ ቤት። ቀጥሎ ሽማግሌ ነው። ዕድሜዋን ደግሞ ሽማግሌዎቹ ይሞሉላታል። ትምህርት ቤቱ ፍቅርን አጠፋሁ ብሎ ትዳር ውስጥ ከተታት፤ ያውም ልታየው ለማትፈልገው ሰው።

ልጁስ? ልጁ ሸሚዝህን ሱሪህ ውስጥ ክተት ተብሎ ወደ ክፍል ተመለሰ። ትእዛዙ «ሴት ተማሪ» ነው የሚለው። ብቻዋን ነው መሰል ፍቅር የያዘችው!

ሴት መምህራን አሉ። የሥርዓተ ፆታ ክበብ አለ፤ ባነሩ ላይ ብቻ ቢሆንም አለ። አንዲት መምህርት በዕረፍት ሰዓት ጠርታ «ምን ሆነሽ ነው? ማታ የት ነው የምታድሪው?» ብትላት ምን ያስከፍላል? የሁለቱን ጓደኛሞች ጠብ ማብረድ አባት ከመንዝ ከመጥራት ይቀላል። ግን ሰልፍ ላይ አያስጨበጭብም።

«ሴቶቹን ለመጠበቅ ብለን ነው» የሚሉትን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። መዝገባችሁን ክፈቱ። ወላጅ አምጪ ተብለው ከበር ከተመለሱት ሴቶች ስንቱ በማግስቱ ክፍል ገቡ? ስንቱስ እስከ ዛሬ አልተመለሱም? ቁጥሩን በዚያው በጠዋት ሰልፍ፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ አንብቡልን። ከዚያ ስለ ጨዋነት እናወራለን።