ውጤት እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ልጆቹን አሥረኛ ክፍል ሳሉ ግቢ አሳዩአቸው

የበኩር ልጄ የዩኒቨርሲቲን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ብርድ ልብስና አንሶላ ቋጥሮ፣ ስልኩን ቤት ትቶ፣ በአውቶቡስ ሊፈተን ሲወሰድ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የብዙ ልጆች የመጀመሪያ ጉብኝት ይኸው ሆኗል። በር ላይ ፍተሻ፣ ማታ የማያውቁት አልጋ፣ ጠዋት በሰልፍ ወደ ፈተና ክፍል። ሲመለስ «ግቢው እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «አላየሁትም» አለኝ። አራት ሌሊት አድሮበት ነው ይህን የሚለኝ።

ያን መልስ ያስታወሰኝ በቅርቡ እዚህ ድሬዳዋ በሁለተኛ ልጄ ትምህርት ቤት የተደረገ የወላጆች ስብሰባ ነው። አንድ መምህር የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችን በአንድ አውቶቡስ ወስደን ዩኒቨርሲቲ እናስጎብኛቸው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም። አንድ አባት «መጀመሪያ ውጤቱ ይምጣ፤ ያኔ መንግሥት ራሱ መድቦ ይወስዳቸው የለም ወይ?» አሉ፤ ብዙ ሰው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የማያገኙትን አሳይተን ልባቸውን ለምን እናቆስላለን?» አሉ። ሁለቱም ከልጅ ፍቅር የመነጩ ቃላት ናቸው። እኔ ግን ሁለቱም ልጆቻችንን እየጎዱ ነው እላለሁ።

ከእናቲቱ ልጀምር፤ ፍርሃታቸው መሠረት አለው። ፈተናው በአዲሱ መንገድ በተሰጠበት የመጀመሪያ ዙር ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። እየተሻሻለ እንኳ ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላይ የሚሆነው መስመሩን አያልፍም። በሪሚዲያል፣ መስመሩን ላላለፉ በሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ ገብተው ዕድላቸውን እንደገና የሚሞክሩ አሉ፤ ቤት የሚቀሩት ግን ይበዛሉ። ይህን እያወቀች ልጇን ወደ ግቢ በር ለመውሰድ እናት ብታመነታ አልፈርድባትም።

ነገር ግን ልጆቹ ግቢን ሳያዩ አይቀሩም። ያያሉ፤ የሚያዩት ግን በስልካቸው የምረቃ ጋዋንና የአበባ እቅፍ ነው። ከልብ ቁስል የምናድናቸው መስሎን እጅግ ያጌጠውንና ከእውነቱ የራቀውን ሥዕል ብቻ እንተውላቸዋለን። ቢሄዱ የሚያዩት ሌላ ነው፤ ለቤተ መጻሕፍት ወንበር የሚሽቀዳደም ተማሪ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ደክሞት ሣር ላይ የተኛ ልጅ። በዚያው ሰሞን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅም ይግቡ፤ ብየዳውንና የኤሌክትሪክ ሥራውን ቆመው ይዩ። ሁለቱንም ያየ ልጅ ውጤቱ ባሰበው መንገድ ባይመጣ የሚሄድበት ቦታ በዓይኑ ላይ አለ።

የአባትየው ቃል ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። አዎ፣ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ተማሪው ምርጫውን በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ከዚያ በውጤቱና በቦታው ብዛት ይመደባል። ራስ ገዝ ሆኖ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት የጀመረው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ለቀሩት ግን ድሬዳዋ ያለ ልጅ ጅማ ወይም ደብረ ብርሃን ሊደርሰው ይችላል። አሜሪካ የምትኖር እህቴ ልጇ 11ኛ ክፍል ሳለ በጸደይ እረፍቱ ይዛው ከግቢ ግቢ ስትዞር ከርማለች። እዚያ ልጁ 12ኛ ክፍል እንደገባ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት፣ ለየዩኒቨርሲቲው ራሱ ያመለክታል፤ ስለዚህ ከማመልከቻው በፊት ማየት ነበረበት። የእርሷ ልጅ የሚመርጠው ዩኒቨርሲቲ ነው። የእኛ ልጅ በአብዛኛው ይህ ምርጫ በእጁ የለም፤ እስከዚህ ድረስ አባትየው ልክ ናቸው።

ስሕተቱ የሚጀምረው «እንግዲያው የሚመርጠው የለም» ሲባል ነው። ልጆቻችን አንድ ትልቅ ነገር ይመርጣሉ፤ የሚመርጡትም አሥረኛ ክፍልን ሲጨርሱ ነው። 11ኛ ክፍል ሲመዘገቡ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ የማኅበራዊ ሳይንስ ብለው ይፈርማሉ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ ይህ ውሳኔ ያለ አንዳች ግርግር ያልፋል። ቀድሞ ፈተና ስለነበረ ቤተሰብ ተሰብስቦ ይመክር ነበር፤ አሁን አንድ ቅጽ ናት፣ በአንድ ጠዋት የምትሞላ። ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የሕግ ባለሙያ ወይም የምጣኔ ሀብት ምሁር የመሆን መንገድ ግን በዚያች ቅጽ ይከፈታል ወይም ይጠብባል። እንግዲህ የጉብኝቱ ጊዜ ከቅጹ በፊት እንጂ ከውጤቱ በኋላ ሊሆን አይችልም።

የበኩር ልጄ ቅጹን ሲሞላ አጠገቡ ነበርኩ። «ጎበዝ ተማሪ ተፈጥሮ ሳይንስ ነው የሚገባው» ያልኩት እኔ ነኝ፤ የሰፈሩም ሰው እንዲያ ስለሚል። ማታ ማታ ከአባቱ ጋር ስለ መሬት ክርክርና ስለ ፍርድ ቤት ሲሟገት የሚያመሽ ልጅ ነበር። ፈተናውን አለፈ፣ ተመደበ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ትምህርት ጀመረ፤ አንድ ማታ ደውሎ «እማዬ፣ የሕግ ተማሪዎች ሲከራከሩ አዳራሽ ገብቼ ሰማሁ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ዝም አልን። ያን አዳራሽ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በአንድ ሚኒባስ ላሳየው እችል ነበር።

ስለዚህ ሁለተኛዋን ልጄን፣ የአሥረኛ ክፍሏን፣ ባለፈው ኅዳር ወደ ሐረማያ ይዣት ወጣሁ። ከድሬዳዋ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከከተማ ስንነሣ መስኮቱን ከፍታ ፊቷን በደብተር ታራግብ ነበር፤ የደንገጎን ዳገት ጨርሰን ስንወጣ መስኮቱን ዘግታ ነጠላዬን ለመነችኝ። ከትምህርት ቤቷ ያጻፍናትን ደብዳቤ በር ላይ አሳይተን፣ መታወቂያ አስይዘን ገባን። በእርሻ ኮሌጅነት ተቋቁሞ ንጉሠ ነገሥቱ በ1950 ዓ.ም. መርቀው የከፈቱት ግቢ ነው፤ በሕይወቴ ስንቴ በአጠገቡ እንዳለፍኩ ቁጥሩን አላውቀውም፤ ገብቼበት ግን አላውቅም ነበር።

ከብቶች የሚታከሙበት ቦታ ስንደርስ አንዲት ተማሪ ቦት ጫማ አድርጋ፣ የሐኪም ማዳመጫ በላም ግራ ጎን ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ከሰዓቷ ሳትነቅል ቆማለች። ልጄ ቀረብ ብላ ምን እንደምታደርግ ጠየቀቻት። «የትልቁን ጨጓራ እንቅስቃሴ እየቆጠርኩ ነው፤ ጤነኛ ከሆነች በደቂቃ አንድ ሁለቴ ይንቀሳቀሳል» አለችና ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውልቃ ሰጠቻት። ልጄ አጎንብሳ፣ አንድ እጇን የላሟ ጀርባ ላይ ጥላ፣ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ድንገት ዓይኗ ፈጠጠ። «ከሩቅ እንደሚመጣ ነጎድጓድ ነው» አለች።

ተማሪዋ ሳትደብቅ አጫወተቻት። የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ለሁሉም በጋራ የሚሰጥ መሆኑን፣ የሚፈልጉትን ትምህርት ክፍል ማግኘት በዚያ ዓመት ውጤት እንደሚወሰን፣ እርሷ ራሷ በመጀመሪያው መንፈቅ በሒሳብ የተነሣ ማልቀሷን ነገረቻት። ይህን እኔ ብነግራት የእናት ምክር ሆኖ ባለፈ ነበር። ልጄ እስከዚያን ዕለት «ሕክምና ካልሆነ ምንም» ባይ ነበረች። ወደ ድሬዳዋ ስንመለስ፣ ደርቆ የነበረውንና ዳግም ውሃ የያዘውን ሐይቅ በመስኮት እያየች «የማላውቀው ስንት ትምህርት አለ?» አለችኝ። ከዚያች ጥያቄ በላይ ከጉዞው የጠበቅሁት አልነበረም።

ከዓመቱ የትኛው ወቅት ይሻላል ለሚሉኝ፣ የምረቃ ሰሞንን ተዉት። ያን ጊዜ ግቢው የእንግዳና የፎቶግራፍ ነው። የፈተና ሰሞን ደግሞ ከነጭራሹ አያስገቡም። ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ወይም መጋቢትና ሚያዝያ መልካም ናቸው፤ ቀኑም ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሁን፣ ክፍሉ በተማሪ ሲሞላ። የአንድ ቀን ትምህርት ማስቀረት አያስቆጭም። የዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ጊዜ ሰሌዳ ባለፉት ዓመታት ብዙ ጊዜ ስለተዛባ ግን ትምህርት መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ደግሞም ሩቅ አይደለም። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፤ የሐረማያ የጤና ኮሌጅ ሐረር ነው። ልጆቻችን የሚመደቡት ሌላ ክልል ቢሆንም የላቦራቶሪ ጠረን፣ የመምህር አነጋገር፣ የተማሪ ድካም ከዚህም ይታያል።

ይህን ለወላጅ ብቻ መተውም አይገባም። የእኔ ልጅ ቢያንስ የሚኒባስ ከፍላ የምትወስዳት እናት አላት። ከከተማው ዙሪያ ካሉ የገጠር ቀበሌዎች በእግሩ መጥቶ የሚማር ልጅ አንድ ሰው ካልወሰደው ግቢን የሚያየው በፈተናው ዕለት ነው፤ የስንቶቹ ጉብኝት በዚያው ያበቃል። የመምህሩ አውቶቡስ ከሁሉ በላይ ለእነርሱ ነበር። ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ በመጋቢት አንድ ቀን ቢመድቡ፣ ዩኒቨርሲቲዎችም ለዚያ ቀን ከአንድ ላቦራቶሪና ከሁለት ሦስት ፈቃደኛ ተማሪዎች ያለፈ ዝግጅት አያስፈልጋቸውም።

በስብሰባው ላይ ዝም ማለቴ ስለከነከነኝ በማግሥቱ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የተናገሩት እናትም፣ ሐሳባቸውን ባይቀይሩም፣ ልጃቸውን ለመላክ ተስማምተዋል። አሁን ዘጠኝ ልጆች ሆነዋል፤ መምህሩ ደብዳቤውን ጽፈው አስፈርመዋል፣ አንድ ሚኒባስ ተነጋግረናል። በሚመጣው ማክሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሳቢያን ሰፈር ተነሥተን ወደ ሐረር እንወጣለን። ሁለት ወንበር ገና ባዶ ነው።