«ምን ልስጠው?» ከማለት በፊት

የቤት እንስሳት ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ይህቺን ፖስት ሳያያት ሳምንት አያልፍም። ጥግ ላይ ኩርምት ያለች ድመት ፎቶ፣ ከስሩ «ሦስት ቀን ሆናት አልበላችም፣ ምን ልስጣት?» ከዚያ ኮሜንቱ ይዥጎደጎዳል፣ አንዱ ግማሽ ፓራሲታሞል ይላል፣ አንዱ ወተት ይላል፣ ሌላዋ ልጇ ታሞ የተረፈ አንቲባዮቲክ ፍሪጅ ውስጥ እንዳላት ትናገራለች፣ በዚህ ሁሉ መሀል ግን ድመቷ እየሸናች ነው ወይ፣ ስንት ኪሎ ናት፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ጠባይዋ የተለወጠው ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው አታገኙም። ሁሉም አዛዥ ነው፣ ጠያቂ የለም።

የኔ አቋም እንዲህ ነው። የቤት እንስሶቻችንን በብዛት የሚጎዳቸው ጭካኔ አይደለም (ጨካኝ የለም ማለቴ አይደለም፣ ሞልቷል)፣ የሚወዳቸው ሰው ዘግይቶ ማየቱና ካየም በኋላ እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ሰው ወደሚታከምበት መሳቢያ መሆኑ ነው።

በፓራሲታሞሉ ልጀምር፣ በጣም ተራ መድኃኒት ስለሆነ ማንም አይፈራውማ። የሰው ጉበት ይህን መድኃኒት በቀላሉ አክሽፎ በሽንት የሚያስወጣበት ኢንዛይም አለው፣ ድመት ግን ይሄ ኢንዛይም በጣም ያንሳታል፣ ስለዚህ መድኃኒቱ ሰውነቷ ውስጥ በሌላ መንገድ ይሄድና መርዝ ይሆናል፣ ቀይ የደም ሴሎቿን ያበላሻል፣ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ድዷ ከሮዝነት ወደ ቡናማ ወይ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ፊቷና መዳፏ ያብጣል፣ ትንፋሿ ይፈጥናል። አንዲት ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን ድመት ለመግደል ትበቃለች። ቶሎ ከተደረሰባት አሴቲልሲስቲን የሚባል ማርከሻ አለ፣ ችግሩ ግን ባለቤቱ ሐኪሙ ፊት ቆሞ «ምን ሰጠሃት?» ሲባል ያፍርና «ምንም» ይላል። ኧረ ተናገሩ! ሐኪሙ የጠየቀው ሊቆጣችሁ አይደለም፣ የትኛውን ማርከሻ እንደሚያነሳ ሊያውቅ ነው። ውሻም ቢሆን አይቡፕሮፌን ወይ ዲክሎፌናክ ሲሰጠው ጨጓራው ይቆስላል፣ ይደማል፣ ኩላሊቱ ሥራ ሊያቆም ይችላል። የቁንጫ መድኃኒቱ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ አይለይም፣ ለውሻ ተብሎ የተሠራውን ፐርሜትሪን የሚባል ተባይ ገዳይ ያለበት ጠብታ «ያው ቁንጫ ቁንጫ ነው» ብሎ ድመቱ ጀርባ ላይ ያፈሰሰ ሰው ሳይመሽ የምትንቀጠቀጥ ድመት ታቅፎ ነው የሚሮጠው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያናድደኝ ግን የወንድ ድመት ሽንት ነገር ነው፣ ምክንያቱም ምልክቱ ፊት ለፊታችን ነው የሚሆነው። ድመቱ የሚጸዳዳበት አሸዋ ላይ ይወጣል፣ ቁጢጥ ይላል፣ ያምጣል፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ወርዶ ብልቱን ይልሳል፣ ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ይመለሳል፣ አሸዋውን ትቶ ምንጣፍ ላይ ወይ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ይሞክራል፣ አንዳንዱ እያማጠ ይጮሃል። ባለቤቱ ይሄን አይቶ «የሆድ ድርቀት ይዞታል» ይልና ዘይት ያጠጣዋል፣ ወይ ደግሞ ምንጣፉ ላይ ስለሞከረ «ባለጌ ሆነ» ብሎ ይመታዋል። እውነታው ምንድነው፣ የወንድ ድመት የሽንት ቱቦ ጫፉ ላይ በጣም ጠባብ ስለሆነ ንፍጥ የሚመስል ነገርና ደቃቅ ክሪስታል ተጋግሮ ይደፍነዋል፣ ሽንቱ መውጫ ሲያጣ ኩላሊቱ ማጣራት ያቆማል፣ ደሙ ውስጥ ፖታሺየም ይከማቻል፣ ፖታሺየሙ የልቡን ምት ያዛባዋል፣ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይሞታል። በጊዜ የደረሰው ደግሞ ማደንዘዣ ተሰጥቶት ቀጭን ቱቦ ይገባለትና ብዙውን ጊዜ ይድናል። ስለዚህ ወንድ ድመት እያማጠ የማይሸና ከሆነ «ነገ ጠዋት እወስደዋለሁ» የሚባል ነገር የለም፣ ሌሊትም ከሆነ ሌሊት ነው።

ፖስቷ ላይ ያለችው ድመት ሦስት ቀን አልበላችም ተብሏል አይደል፣ እሱም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ድመት በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ጥቂት ቀን ስትጾም ሰውነቷ ያከማቸውን ስብ እያነሳ ወደ ጉበት ይልካል፣ ጉበቷ ያን ሁሉ ማስተናገድ ያቅተውና በስብ ይሞላል፣ ከዚያ ድዷና የጆሮዋ ውስጥ ቢጫ መሆን ይጀምራል፣ በዚያን ጊዜ መጀመሪያ እንዳትበላ ያደረጋት ነገር የቱንም ያህል ቀላል ይሁን አሁን የያዛት በሽታ ከባድ ሆኗል። «ሲርባት ትበላለች» የሚል ምክር የሰጣችሁ ሰው ድመት አያውቅም።

እና ደግሞ «እንስሳ አይናገርም» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም፣ ይናገራሉ እኮ፣ እኛ የምንሰማው ግን ጩኸት ብቻ ሆኖ ነው። ድመት ሲያማት አትጮህም፣ ትደበቃለች። የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 የድመትን ሕመም ከፊቷ ለማንበብ የሚሆን መለኪያ አውጥተዋል፣ የሚያዩት አምስት ነገር ነው፣ ጆሮዋ ወደ ጎን ተዘርግቶ ተኝቷል ወይ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋለች ወይ፣ አፍና አፍንጫዋ አካባቢ ተወጥሯል ወይ፣ ጢሟ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ሄዷል ወይ፣ ጭንቅላቷ ከትከሻዋ በታች ወርዷል ወይ። ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊያየው የሚችል ነገር ነው። ሶፋ ላይ ዘላ የምትወጣ ድመት መዝለል ስታቆም «አረጀች» ብለን እናልፋለን፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ አንድ የራጅ ጥናት ግን ከ12 ዓመት በላይ ከሆኑ 100 ድመቶች 90ዎቹ ላይ የመገጣጠሚያ ችግር አግኝቷል። ማርጀት ብቻ አይደለም ማለት ነው፣ ያማታል፣ ለሕመሟም ለድመት የሚሆን መድኃኒት አለ።

የራሳችሁን እንስሳ ጤነኛ ሆኖ ሳለ እወቁት፣ ሌላ የተለየ ሚስጥር የለውም። ተኝቶ ሳለ በደቂቃ ስንቴ እንደሚተነፍስ ቁጠሩ፣ ጤነኛ ውሻና ድመት እንቅልፍ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 በታች ነው። ከንፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ድዱን በጣት ጫን ብላችሁ ልቀቁት፣ ነጣ ብሎ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ መመለስ አለበት፣ እግረ መንገዳችሁን ጥርሱን ታያላችሁ፣ ምክንያቱም ሦስት ዓመት የሞላቸው አብዛኞቹ ውሾችና ድመቶች የድድ በሽታ ጀምሯቸዋል፣ «የውሻ አፍ ያው ይሸታል» የምንለው ሽታ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። በወር አንዴ መዝኑት። ይሄን ሲያደርግ የቆየ ሰው የሆነ ቀን ድዱ ነጥቶ ሲያይ ማንንም ሳይጠይቅ ይደነግጣል፣ መደንገጡ ደግሞ ጥሩ ነው።

ክትባት ላይ «አንዴ ተከትቧል» የምትለዋ ነገር ቡችሎችን ፈጅታለች። ፓርቮ እ.ኤ.አ. በ1978 አካባቢ ብቅ ብሎ ዓለምን ያዳረሰ ቫይረስ ነው፣ አንጀት ያቆስላል፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ከዚያ የሰውነቱ ውሃ ማለቅ። ቡችላ ከእናቱ ወተት ያገኘው መከላከያ ክትባቱን ራሱን ያከሽፈዋል፣ መከላከያው የሚጠፋበት ቀን ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል፣ ለዚህ ነው ከ6 እስከ 8 ሳምንት አካባቢ ተጀምሮ በየሦስት አራት ሳምንቱ 16 ሳምንት እስኪሞላው የሚደጋገመው፣ ሐኪሙ ብር ፈልጎ አይደለም። ቡችላው በፓርቮ የሞተበት ሰው በሳምንቱ ሌላ ቡችላ ሲያመጣ ሳይ ይዘገንነኛል፣ ቫይረሱ እኮ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፣ ሳሙና አይገድለውም፣ ወለሉን በበረኪና ማጠብ ይጠይቃል፣ ግቢው አፈር ከሆነ ደግሞ ክትባቱን የጨረሰ ውሻ ማምጣት ነው የሚሻለው።

የእብድ ውሻ በሽታን በአጭሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው ይገድላል ብሎ ይገምታል፣ ለሰው የሚተላለፈው እስከ 99 በመቶ ድረስ በውሻ ነው፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ለክትባት። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ሰዓት ይዛችሁ እጠቡ።

እዚህ ላይ ስለ እርጉዞች አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ ምክንያቱም «እርጉዝ ነኝና ድመቷን ውሰዱልኝ» የሚል ነገር ሰልችቶኛል። ቶክሶፕላዝማ (ከድመት ወደ ሰው ሊተላለፍ የሚችል ጥቃቅን ጥገኛ ተሕዋስ) እውነተኛ ነገር ነው፣ ለጽንስ አደገኛ ነው፣ ግን ድመት ጀርሙን በአይነ ምድሯ የምታወጣው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ሲይዛት ለጥቂት ሳምንት ነው፣ የወጣውም ወዲያው አይበክልም፣ ከ1 እስከ 5 ቀን መቆየት አለበት። ስለዚህ አሸዋውን ሌላ ሰው በየቀኑ ከጣለው፣ እርጉዟ ደግሞ ጥሬ ሥጋ ካልበላች፣ አትክልቱን በደንብ ካጠበች፣ አፈር ስትነካ ጓንት ካደረገች ድመቷን ማባረር ለምን ያስፈልጋል? በደንብ ያልበሰለ ሥጋ ከድመቷ የበለጠ ሊያሳስባት ይገባል።

ሌላው ውፍረት ነው፣ ይሄ ደግሞ በፍቅር ስም የሚደረግ ስለሆነ ሰው ሲነገረው ይቆጣል። 48 ላብራዶሮች ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተደረገ ጥናት ነበር፣ ግማሾቹ ከወንድም እህቶቻቸው 25 በመቶ ያነሰ ምግብ ነበር የሚሰጣቸው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ ቀጫጮቹ በመካከለኛ ግምት 13 ዓመት ገደማ፣ ጥጋበኞቹ 11 ዓመት ገደማ ነበር የኖሩት። ሁለት ዓመት ለውሻ ቀላል አይደለም። ጎኑን ስትዳብሱት የጎድን አጥንቱ እጃችሁ ላይ ካልተሰማችሁ ወፍሯል፣ ክርክር የለውም። ከማዕድ የሚወረወረውን ስታስቡ ደግሞ ቸኮሌት፣ ዘቢብና ሽንኩርት ውሻን እንደሚመርዙ፣ ከስኳር ነጻ ማስቲካ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ የደሙን ስኳር ጥሎ ሊገድለው እንደሚችል ያዙልኝ።

ፊታቸው የተጨፈለቀ ውሾችን በተመለከተ ብዙ ሰው ላስቀይም ነው፣ ግን ፓግና ፍሬንች ቡልዶግ ሲያንኮራፉ «ሲያምር!» ማለት ይቅርብን። አየር ስላጠረው ነው የሚያንኮራፋው። ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው፣ የአየር መንገዱ የጠበበበት ውሻ በሙቀት ቀን ከሌላው ቀድሞ ይወድቃል። ያለውን ተንከባከቡት፣ መኪና ውስጥ ለአምስት ደቂቃም ብሎ መቆለፍ ለማንኛውም ውሻ አይሆንም፣ አዲስ ልትገዙ ያሰባችሁ ግን ሌላ ዓይነት ፈልጉ።

ስለ አካል በሽታ ይሄን ያህል አወራሁ፣ መሰልቸትም በሽታ እንደሆነ የሚያምነኝ ግን ትንሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ታስሮ እዚያው ክብ እየዞረ የሚጮህ ውሻ «ኃይለኛ» አይደለም፣ ብቻውን ሆኖ ነው። ላባዋን ነቅላ ደረቷ ራቁቱን የቀረ በቀቀንም እንዲሁ፣ ሐኪሙ የቆዳ በሽታ አጥቶ ሲመለስ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ጠባብ ጎጆና ብቸኝነት ነው። ጥንቸል ላይ ያለው ድርብ ነው፣ ጥርሷ ሳያቋርጥ ስለሚያድግ ድርቆሽ እያኘከች ካልሞረደችው አፏን ያቆስላታል፣ ሳትበላ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ከዋለች አንጀቷ መሥራቱን ያቆማል፣ ሰው ግን ካሮት ይሰጣትና «ታምራለች» ብሎ ያልፋል። ውሃና ምግብ ሰጥቻለሁ ብቻ የሚል ሰው ሥራውን ጨርሷል ብዬ አላስብም።

«ሐኪም ውድ ነው» ትሉኛላችሁ። አልክድም፣ ውድ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ የለም። ነገር ግን ፓርቮ የያዘው ቡችላ የሚተኛበትና ግሉኮስ የሚንጠለጠልበት ቀን ከክትባቱ በብዙ ይበልጣል፣ ሽንቱ የተዘጋበት ድመትም በመጀመሪያው ቀን ሲመጣና በሦስተኛው ቀን ሲመጣ ሂሳቡ አንድ አይደለም። ቢያንስ የከፈላችሁበትን ጉብኝት አታባክኑት። መቼ እንደጀመረው፣ መጨረሻ መቼ እንደበላና እንደሸና፣ ምን እንደሰጣችሁት ጽፋችሁ ሂዱ፣ የበላውን ነገር ወይ የመድኃኒቱን ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ፣ ስልክ ካላችሁ ደግሞ ቤት እያለ ቅረጹት። ቤት ስታነክስ የዋለች ድመት ክሊኒክ ስትደርስ በፍርሃት ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው፣ ወይ ጭራሽ ከሳጥኗ አትወጣም፣ ሐኪሙም ዳብሶ ምንም አላገኘሁም ይላችኋል፣ ያን ጊዜ የሃያ ሰከንዷን ቪዲዮ አውጥታችሁ አሳዩት።